ሰደቃው ደረሰ፤ ደርሱስ?



የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ይላል፤ ጉዳዩ ግን በሁለት መስመር የሚታለፍ አይደለም። በተለይ መድረሳ የምታስተምሩ፣ በክረምት ለሰፈር ልጆች ቱቶሪያል የምትሰጡ፣ በጀመዓችሁ ውስጥ የትምህርት ክፍሉን የያዛችሁ ልጆች ታግሳችሁ ጨርሱት።

በየረመዳኑ የለመድነው ነገር አለ። መስጂዱ በር ላይ ባነር ይሰቀላል። ለአካል ጉዳተኞች ዊልቸር፣ ክራንች፣ ነጭ በትር፣ ከጎኑም ዘይትና ዱቄት ይታደላል። ፎቶ ይነሳል፣ ፖስት ይደረጋል፣ ኮሜንቱ ላይ "ማሻአላህ" ይዘንባል። የሰጡትን አላህ ይቀበላቸው። ዊልቸር ለሚያስፈልገው ሰው ዊልቸር ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ አንቀልድም። ጥያቄያችን ከዒድ በኋላ ያለውን ይመለከታል። መድረሳው ሲከፈት ያ ዊልቸር የተሰጠው ልጅ የት ነው ያለው? ነጭ በትር የተቀበለችው ልጅስ የትኛው ሐለቃ ላይ ተቀምጣለች? ብዙ ቦታ መልሱ አጭር ነው፦ ቤት።

ዊልቸሩ ልጁን እስከ መስጂዱ በር ያመጣዋል። መድረሳው ያለው ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ ለሱቅ ተከራይቷል። እሱ እንኳን ቀላሉ ነው፤ አራት ጎረምሳ ተሸክሞ ያወጣዋል። ከባዱ ደረጃ ያለው ትምህርቱ ውስጥ ነው። ይህኛውን ማንም ተሸክሞ አያወጣውም፤ ማንም አያየውምና።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች "አካቶ ትምህርት" ሲባል ሰምታችኋል። ሐሳቡ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይማር የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ስፔን ሳላማንካ ላይ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው በዚህ ተስማምተዋል። ሀገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ ስለ ትምህርት ነው። ወረቀቱ ሞልቷል። ችግሩ አብዛኛው ሰው "አካቶ" ማለት ልጁን መመዝገብና ወንበር መስጠት አድርጎ መረዳቱ ነው። ሰው ምሳ ጋብዘህ ሳህኑን እጁ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጥ ጋብዤዋለሁ ትላለህ? ክፍል ውስጥ መቀመጥ መማር አይደለም። ደርሱ ራሱ ሲዘጋጅ ያ ልጅ ታስቦ ካልተዘጋጀ፣ ልጁ እዚያ ተቀምጦ የሌሎችን ትምህርት ያዳምጣል እንጂ አይማርም።

የመንግሥት ትምህርት ቤቱን ጉዳይ ለጊዜው እንተወው፤ የሚጠየቅበት የራሱ ባለቤት አለው። እኛ ወደ ራሳችን ቤት፣ ማንም ሳያዘን የምናስተካክለው ወደሆነው መድረሳ እንምጣ።

ክፍሉን አስቡት። ወደ 60 የሚጠጉ ልጆች። ኡስታዙ ለልጆቹ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ በቀጭን ጠመኔ ባ፣ ታ፣ ሣ እያለ ይጽፋል። ቃዒዳ የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው እነዚህ ሦስት ፊደሎች ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ነጥብ ብቻ ነው። አንዱ ከታች አንድ ነጥብ፣ ሌላው ከላይ ሁለት፣ ሦስተኛው ከላይ ሦስት። ጂም፣ ሓ እና ኻም እንደዚያው። ዓይኑ ደከም ላለና ኋላ ለተቀመጠ ልጅ እነዚያ ነጥቦች የሉም። ለእሱ ሦስቱ ፊደል አንድ ፊደል ነው። ሲጠየቅ ይሳሳታል፤ ክፍሉ ይስቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቃዒዳ ላይ ይቆያል፤ ቁመቱ ከሌሎቹ በላይ ሆኖ ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ "ይሄ ልጅ ጭንቅላቱ አይቀበልም" ይባላል። እሱም ያምናል። አንድ ቀን ይቀራል፤ ማንም ለምን ቀረህ አይለውም።

ይህ ልጅ ምን አጠፋ? ነጥቡ ሳይታይ የተጻፈው ሰሌዳው ላይ ነው፤ የወደቀው ግን እሱ ተባለ።

ጉዳዩን በዚህ ስናነሳ አንድ የተለመደ መልስ ይመጣል፦ "ቀደር ነው፤ አላህ ያገራለት።" ወንድሜ፣ የልጁ ዓይን መድከም የአላህ ውሳኔ ነው፤ እናምናለን። በቀጭን ጠመኔ መጻፍ ግን የኡስታዙ ውሳኔ ነው። መድረሳውን ፎቅ ላይ ማውጣት የኮሚቴው ውሳኔ ነው። የራስን ውሳኔ ቀደር ላይ ማላከክ አደብም አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ ደስ በሚል ታሪክ ተጠቅልሎ ይመጣል። "ዓይነ ስውር ሆነው ስንት ዓሊም ሆነው የለ እንዴ! የፈለገ ይማራል።" እውነት ነው፤ ዓሊሞቹ አሉ። የበስራው ቀታዳ ኢብን ዲዓማ ሲወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ከታቢዒን ታላላቅ ሙፈሲሮች አንዱ ናቸው። የመካው ሙፍቲ ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕ አንካሳ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ በእድሜያቸው መጨረሻም ሙሉ በሙሉ ማየት ያቆሙ ሰው ነበሩ፤ ሰው ግን ለሐጅ ሲመጣ ፈትዋ የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር። ከአንደሉስ የመጡት ኢማም አሽ-ሻጢቢይ ማየት ሳይችሉ ሰባቱን ቂራኣት በ1173 ስንኝ ግጥም አሰናድተዋል፤ ዛሬም ቂራኣት የሚማር ሰው ያንን ግጥም ሳይዝ አይሄድም።

እነዚህን ስሞች የሚጠራልን ሰው ግን አንድ ነገር አላስተዋለም። ለምን ዓይነ ስውራኑ በዙ? ጎበዝ ስለነበሩ ብቻ አይደለም። የዚያን ዘመን ደርስ በጆሮ የሚቀሰም ስለነበር ነው። ሸይኹ ያነባል፣ ተማሪው ይሰማል፣ ያፍዛል፣ መልሶ ያሰማል። በር የሆነው ጆሮ ነው፤ ለዓይነ ስውር በሩ ክፍት ነበር። እስቲ በተቃራኒው መስማት የተሳናቸውን ቁጠሩ። ስንት ስም ትጠራላችሁ? ከሐዲስ ሰዎች መካከል "አል-አሰም"፣ ማለትም "የማይሰማው" በሚል ቅጽል የታወቁ የነይሳቡር ሰው አሉ፤ እሳቸውም መስማት ያቆሙት ዒልም ፍለጋ ዞረው ከተመለሱ በኋላ ነው። ሳይሰሙ ያደጉት የሉም ለማለት አይደለም፤ ስማቸው እኛ ዘንድ አልደረሰም። አላህ ለመስማት የተሳናቸው አነስተኛ አእምሮ ሰጥቶ ነው? ሐሻ። የደርሱ በር በኩላቸው ስላልተከፈተ ነው። ማን ዓሊም እንደሚሆን የወሰነው ከልጁ ጉብዝና በፊት የትምህርቱ አሰጣጥ ነበር።

አሁን ደግሞ ምን ሆነ? መድረሳዎቻችን ዘመናዊ ሆኑ። ሰሌዳ መጣ፣ ደብተር መጣ፣ የጽሑፍ ፈተና መጣ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ለዘመናት ለዓይነ ስውሩ ክፍት የነበረው በር በዚህ ተዘጋ፤ መስማት ለተሳነው ደግሞ አዲስ በር አልተከፈተም። በሁለቱም ከሰርን ማለት ይቻላል። በወሎ በየሸይኹ ቤት የነበረውን የደሪሳ አቀራር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። እያንዳንዱ ደሪሳ የራሱን ኪታብ፣ ራሱ ከደረሰበት ቦታ፣ በራሱ ፍጥነት ነው ሸይኹ ፊት የሚቀራው። አንዱ በወር የጨረሰውን ሌላው በዓመት ይጨርሰዋል፤ ዘገየ ተብሎ ከሐለቃው አይወጣም። ያንን ዘመን ሙሉ በሙሉ ማሞገስ አንፈልግም፤ አለንጋውንም የሚያስታውሱት ብዙ ናቸው። ግን ለእያንዳንዱ በአቅሙ የሚለው ሥርዓት ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። የጣልነው ነው።

ወደ ሲራው እንሂድ፤ ሁላችንም የምናውቀው ግን ከዚህ አንግል ብዙ የማናየው ታሪክ ነው። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችበትን ምክንያት አስታውሱ። ዓይነ ስውሩ ሰሓባ ዐብዱላህ ኢብን ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጡ። ምን ሊጠይቁ? ዘይት? ዱቄት? አልነበረም። አላህ ካስተማረዎት አስተምሩኝ ብለው ነው የመጡት። ደርስ ፈልገው! በዚያ ሰዓት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ይነጋገሩ ነበር፤ ጉዳዩም ዳዕዋ ነበር። ቢሆንም አላህ (ሱ.ወ) ስለዚያ ሰው አንድ ሱራ አወረደ። እስከ ቂያማ ድረስ የሚቀራ ሱራ፣ ለመማር ስለመጣ አንድ ዓይነ ስውር!

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ለርዕሳችን ዋናው ነው። እኚሁ ሰው ሙአዚን ሆኑ። ቢላል (ረ.ዐ) ፈጅር ከመግባቱ በፊት ሌሊት አዛን ይላሉ፤ ሰው ሱሑሩን የሚያቆመው ግን በኢብን ኡሚ መክቱም አዛን ነበር። ለአፍታ ቆም በሉና አስቡት። የጎህን መቅደድ በዓይን አይቶ ማወቅ በሚያስፈልግበት ሥራ ላይ ዓይነ ስውር ሰው ተመደበ! እንዴት ይሠሩት ነበር? ቡኻሪ ላይ እንደተዘገበው ሰዎች ነግቷል፣ ነግቷል እስኪሏቸው ድረስ አዛን አይሉም ነበር። በቃ። "አያይም፣ ስለዚህ ሙአዚን መሆን አይችልም" አልተባለም። "ያዝንለታል፣ ቤቱ ይቀመጥ፣ ቀለብ ይሰፈርለት" አልተባለም። የሚጎድለው ነገር ተለየ፤ የንጋት ዜና ነው። ያም በሰው አፍ ደረሰላቸው። ሥራው ሙሉ፣ አዛኑ ሙሉ፣ ክብሩ ሙሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለዘመቻ ሲወጡ መዲናን ለእሳቸው አደራ ሰጥተው የሄዱበት ጊዜም አለ።

የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማርም እንዲሁ ነበር። ንግግራቸውን ሦስት ጊዜ ይደግሙ ነበር፤ ያልደረሰው እንዲደርሰው። መሬት ላይ በእንጨት መስመር ይስሉ ነበር፤ የሰውን ምኞትና አጀል በአራት ማዕዘን ስለው አሳይተዋል። የሙእሚኖችን መደጋገፍ ሲናገሩ ጣቶቻቸውን እርስ በርስ አቆላልፈዋል። ሰላትን ደግሞ ሠርተው አሳይተዋል። የሚሰማ በጆሮው፣ የሚያይ በዓይኑ፣ ቀስ ብሎ የሚገባው በድግግሞሹ ይዞ ይሄዳል። ኢማም ሆኖ የሚያሰግድ ሰውም ሰላቱን እንዲያቀል ያዘዙት ከኋላው ደካማ፣ ሕመምተኛና ሽማግሌ ስላለ ነው። ሙዓዝ (ረ.ዐ) በጣም ባስረዘሙ ጊዜ ምን ያህል እንደተቆጧቸው ታውቃላችሁ። መለኪያው ሶፉ ላይ ያለው ደካማ እንጂ ጎረምሳው አልነበረም። መድረሳ ላይ ሲሆን ይህ መለኪያ ለምን እንደሚገለበጥ አይገባንም፤ ፈጣኑን ልጅ ብቻ ይዞ መሮጥ፣ የቀረውን አላህ ይሁነው ማለት።

በትምህርት ጥናት ዓለምም ይህን ሐሳብ የሚመስል ነገር ከሥነ ሕንጻ ተነስቶ መጥቷል። አሜሪካዊው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ በዘጠኝ ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት በዊልቸር ነው የኖረው። ሕንጻ ከተሠራ በኋላ ለአካል ጉዳተኛ ብሎ የጓሮ መግቢያ ከመለጠፍ፣ ከመጀመሪያው ለሁሉም የሚሆን አድርጎ መንደፍ ይሻላል ብሎ ተከራከረ። ኋላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተ ካስት የሚባል የአሜሪካ የትምህርት ተቋም ይህንኑ ወደ ክፍል አመጣው። ጭብጡን በሀገርኛ እናስቀምጠው፦ ትምህርቱን ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ አቅርብ፤ ልጁ ማወቁን ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ እንዲያሳይህ ፍቀድለት፤ የሚማርበትን ፍላጎት የሚቀሰቅስ ከአንድ በላይ ምክንያት ስጠው። የጠፋብን ነገር አለ? የለም። መንገዱ ሲሠራ ለዊልቸር ተብሎ ዝቅ የተደረገውን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ልጅ ያዘለች እናትም፣ ጋሪ የሚገፋም፣ ጉልበቷን የሚያማት እማማም ይጠቀሙበታል። ደርስም እንዲሁ ነው።

አንድ ደርስ ወስደን እንየው። ዉዱእ። ሰፊና የቀራ እንደሚያውቀው ፈርዶቹ 6 ናቸው። በተለመደው አሰጣጥ ኡስታዙ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ በሳምንቱ "የዉዱእ ፈርዶችን ጻፉ" የሚል ፈተና ይመጣል። ይህ ፈተና ምንድን ነው የሚለካው? የእጅ ጽሑፍና ሸምድዶ የመገልበጥ ችሎታ። ስድስቱንም አሳምሮ ጽፎ ክርኑን ሳያረጥብ የሚሰግድ ልጅ ስንት አለ!

አሁን ያንኑ ደርስ ሰፋ አድርገን እናዘጋጀው። አንድ ሳፋ፣ አንድ ጆግ ውሃ። ኡስታዙ ፊቱን ወደ ልጆቹ፣ ብርሃኑን ወደ ፊቱ አድርጎ ይቆማል። መስኮቱ ከጀርባው ከሆነ ፊቱ ጥላ ይሆናል፤ ከንፈሩን አይቶ የሚከታተል ልጅ ምንም አያገኝም። እያንዳንዱን ሥራ ሲሠራ በቃል ይናገረዋል። "እንዲህ፣ ከዚያ እንዲህ" አይልም፤ "እንዲህ" ለማታይ ልጅ ባዶ ቃል ነው። "ቀኝ እጄን ከጣቶቼ ጫፍ እስከ ክርኔ፣ ክርኔን ጨምሬ አጥባለሁ" ይላል። የማታየዋን ልጅ ኡስታዛዋ እጇን ይዛ ክርኗ ድረስ ታስነካታለች። ግድግዳው ላይ ቅደም ተከተሉን የሚያሳዩ ሥዕሎች ተለጥፈዋል (ሥዕል ላይ ኺላፍ አለ የምትሉ አትቸገሩ፤ ክርን፣ ቁርጭምጭሚትና ለፊት የሚሆን ባዶ ክብ ይበቃል)። ከዚያ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው እየተያዩ ያደርጉታል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ በቃል ዝርዝር የማይዘውን በየቀኑ በመሥራት ይይዘዋል። ፈተናው ሲመጣ የፈለገ ይናገር፣ የፈለገ ይሥራ፣ የፈለገ የተደባለቁ ሥዕሎችን በቅደም ተከተል ይደርድር። ተርቲቡን ማወቁ በሦስቱም ይታያል።

ይህ ምን ያህል ወጣ? ሳፋው ከመስጂዱ ጓሮ የመጣ ነው። ደግሞ ማን እንደተጠቀመ ቁጠሩ። የማታየዋ ብቻ አይደለችም፤ አማርኛ ገና ያልጠራለት፣ ቤቱ ስልጥኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገረው ልጅም፣ መነጽር ያልተገዛለትም፣ ያለፈው ሳምንት ታሞ የቀረውም፣ ጎበዙም ጭምር። ጎበዙ በነጻ ክርኑን ማጠብ ተማረ።

ለፊደሉም እንዲሁ። ካርቶን ላይ ወፍራም ሲባጎ በፊደሉ ቅርጽ ለጥፉ፤ ነጥቦቹን በሽንብራ ፍሬ አድርጉ። ባ ከታች አንድ ሽንብራ፣ ታ ከላይ ሁለት። ዓይነ ስውር ልጅ ዞሮ ዞሮ የሚያነበው በብሬል ነው፤ የዐረብኛ ብሬል እንደሌላው ብሬል ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ መሆኑን ብዙዎቻችሁ አታውቁም ብለን እንገምታለን። በብሬል የታተመ ሙስሐፍም ሳዑዲ፣ ቱርክና ማሌዥያ ውስጥ ይታተማል፤ ዑምራና ንግድ የምትመላለሱ ሰዎች ሻንጣችሁ ውስጥ ከሽቶው ጎን ቦታ ፈልጉለት። እስከዚያው ድረስ ግን ልጁ ጓደኞቹ ሚም ምን ትመስላለች ሲሉ በጣቱ ዳስሶ "አወቅኳት" ይበል። ሒፍዝ ላይ ደግሞ የኡስታዙ ድምፅ በስልክ ተቀድቶ በቴሌግራም ይላክ። እናት ቤት ሆና ደጋግማ ትክፈትለት። የሚንተባተብ ልጅ ሰው ፊት ሳይቆም ቤቱ ቀድቶ ይላክ። ቁርኣንን እየከበደው የሚቀራ ሰው እጥፍ አጅር እንዳለው በሐዲስ የተማረ ኡስታዝ፣ የሚንተባተብን ልጅ ክፍል ፊት አቁሞ ሲያስቅበት ማየት ያሳፍራል። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) እንኳ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታ ዱዓ ያደረጉ፣ ወንድማቸው ሃሩን አጋዥ እንዲሆናቸው የጠየቁ ነቢይ ናቸው።

"60 ልጅ ይዤ ለእያንዳንዱ እንዴት ላድርግ?" የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የበለጠ የሚሰማን ነው፤ አብዛኛው ኡስታዝ በትንሽ ገንዘብ፣ አንዳንዱም በነጻ የሚደክም ሰው ነው። ግን ተቃውሞው ራሱ ለእኛ ይመሰክራል። 60 ልጅ ይዞ ለሦስቱ ለብቻ መሮጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ነው ደርሱን አንዴ ሰፋ አድርጎ ማዘጋጀት የሚሻለው። ካርቶኑ አንዴ ይሠራል፣ ለዓመታት ያገለግላል። ድምፁ አንዴ ይቀዳል።

"ደረጃው ይወርዳል" የሚሉም አሉ። ግቡንና መንገዱን ለዩ። ተጅዊድ ግብ ከሆነ ተጅዊድ አይቀነስም፤ መኽረጁን ማውጣት የሚችል ልጅ ሁሉ ያወጣል። የሚቀየረው ወደዚያ የሚደርስበት መንገድና ጊዜ ነው። ዉዱእ ላይ ጽሕፈት ግብ አልነበረም፤ መንገድ ነበር። መንገዱን ግብ ያደረገው ሰው ነው ደረጃ ያወረደው።

"ለብቻቸው ማዕከል እንሥራላቸው" የሚለው ደግሞ ጥሩ ይመስላል፤ ገንዘብ ለማሰባሰብም ይመቻል፤ ሪባን ይቆረጥበታል። እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንናገር። ብሬል ለማስተማር የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። መስማት የተሳናቸው ልጆችም በምልክት ቋንቋ የሚያወሩ እኩዮች ያስፈልጓቸዋል፤ አንድ ብቻውን ሃምሳ ሰሚዎች መሃል ማስቀመጥ አካቶ ሳይሆን ብቸኝነት ነው። ስለዚህ ለእነሱ የተለየ ሰዓት፣ የተለየ መምህር መኖሩ ትክክል ነው። የምንቃወመው ሁሉንም ለብቻ ማድረግን ነው። ጁሙዓ ላይ፣ ዒድ ላይ፣ ጀናዛ ላይ በአንድ ሶፍ የሚቆም ኡማ፣ ልጆቹን በፊደል ጊዜ ለምን ይለያያቸዋል? በሰባት ዓመቱ አጠገቡ ዓይነ ስውር ልጅ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው፣ በሠላሳ ዓመቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓይነ ስውር ሥራ ፈላጊ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ከዚያም ሰደቃ ይሰጠዋል።

"ወላጆቹ ራሳቸው አያመጧቸውም" ለሚለው ደግሞ፣ አዎ፣ የሚደብቅ ወላጅ አለ። ልጁ እንደ ቅጣት ሲታይበት፣ "ምን ኃጢአት ሠርተው ነው" ሲባል የሰማ ወላጅ ይደብቃል። አንዴ ይዞ መጥቶ "እዚህ ለእንደዚህ ዓይነት አልተዘጋጀንም" ተብሎ የተመለሰም አለ። መንገዱን ደግሞ እንዲጀምር ከመድረሳው በኩል የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ይህን ሥራ ለመጀመር የማንንም ፈቃድ ብዙ አትፈልጉም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ የምታነቡ፣ በድምፅ የምትቀዱ ልጆች አላችሁ፤ ያንኑ ለሰፈራችሁ መድረሳ አምጡት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ እዚያ ከሚማሩት መካከል ሙስሊም ልጆች ካሉ ፈልጉና ጁሙዓ ኹጥባ ላይ እንዲያስተረጉሙ ጠይቋቸው። ለአንድ ኮንፈረንስ መድረክና ድምፅ ማጉያ የሚወጣውን ታውቁታላችሁ፤ ለሲባጎና ካርቶን የሚጠየቀው የዚያ ፍርፋሪ ነው።

የክረምት ምዝገባ ሲጀመር ቅጹን እዩት። ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ስልክ፣ የደረሰበት ሱራ። አንድ መስመር ጨምሩበት፦ "ልጁ በደንብ እንዲማር ምን እናመቻች?" ወላጁ ሰው ፊት መናገር ከከበደው ኡስታዛዋ ወይም ኡስታዙ ለብቻ ይስሙት። ደርሱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት ኡስታዞቹ ተቀምጠው የመጀመሪያዎቹን አራት ደርሶች ብቻ በዚህ መንገድ ያዘጋጁ፤ ሙሉ ኪታቡን ባንዴ መጀመር አያስፈልግም። ከኮሚቴው ጋር ስትቀመጡ ደግሞ ስለ ሁለተኛው ፎቅ አንሡ። የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መሆን እንዳለባቸው የሀገሪቱ የሕንጻ አዋጅም ይደነግጋል፤ ግን አዋጁን ከመጥቀሳችሁ በፊት ቀለል ያለውን ጥያቄ አስቀድሙ፦ ከምድር ቤቱ ሱቆች የአንዱ የኪራይ ውል መቼ ነው የሚያልቀው?